ዘይት የሚበላ አፈር

ኩዌት፣ ባያን በሚባል ሰፈር ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሠራሁበት ቤት ሦስት ፎቅ ነበረው። እኔ የማድረው ጣሪያው ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። አሠሪዬ ማዳም ባሏ በድንገት ከሞተባት ጥቂት ዓመት ሆኗታል። ሦስት ልጆች አሏት፤ ሁለቱ ወንዶች ገና ትምህርት ቤት ናቸው፣ ታላቃቸው ሴት ልጅ ግን ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ነበረች። እዚህ የምጽፈው በእኔና በዚያች ልጅ መካከል የሆነውን ነው።

አስቀድሜ የራሴን ውሸት ልናገር፤ ኋላ አፌን የዘጋብኝ እሱ ነውና። ከደሴ ስወጣ ጉዳዬን የጨረሰልኝ ደላላ ዲግሪ እንዳለኝ ሲሰማ ሳቀብኝ። «እሱን እዚሁ ተይው። የተማረች ሴት ትከራከራለች ብለው አይወስዱሽም» አለኝና ቅጹ ላይ ስምንተኛ ክፍል ብሎ ሞላው። እኔ ደግሞ በባዮሎጂ ተመርቄ፣ የመምህርነት ምደባ ስጠብቅ ሁለት ክረምት ያለፈብኝ፣ ከእናቴ እጅ መብላት ያሳፈረኝ ሰው ነበርኩ። ፈረምኩ። ኩዌት የገባሁት ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ነገር ሳይጠይቀኝ ወለል ስወለውል፣ ሩዝ ስቀቅል፣ ልብስ ስተኩስ ኖርኩ።

ከልጅቷ ጋር ያቀራረበን ለቅሶዋ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የምሳ ዕቃ ሳጥብ ኩሽና ገብታ ወረቀቶቿን ጠረጴዛው ላይ በተነችና ፊቷን በእጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ውሃ ሰጠኋት። ምን እንደሆነች ስጠይቃት፣ የሚገባኝ መስሏት ሳይሆን ሆዷ ስለባሳት ብቻ ሁሉንም ዘረገፈችው። የመመረቂያ ጥናቷ የሞተር ዘይት በሚበሉ ባክቴሪያዎች ላይ ነው። ዘይት ከጠጣ አፈር ውስጥ ባክቴሪያዎቹን አውጥታ ማርባት፣ ከዚያም ዘይቱን ሲያፈራርሱት ማሳየት አለባት። ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለቱንም ጊዜ ምንም አልበቀለላትም። መምህሯ ደግሞ ቀኑ እየሄደ ነው ብላታለች።

ወረቀቱን አየሁት። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ ለባክቴሪያዎቹ በሚዘጋጀው ውሃ ውስጥ የሚገቡት ነገሮች ተዘርዝረዋል። እጄን በፎጣ አድርቄ ጠጋ አልኩና ሳላስበው፣

«ናይትሮጅኑ የታለ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ምን አልሽ?»

«ዘይቱ ብቻውን አይበቃቸውም። ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ካላገኙ አይባዙም። አፈሩንስ ከየት አመጣሽው?»

«ከመንገድ ዳር። መኪና ዘይት ካፈሰሰበት አሸዋ ላይ።»

«መቼ የፈሰሰ ነው?»

«እኔ እንጃ። ገና ትኩስ ነበር።»

«ትኩስ ከሆነ እኮ አልለመዱትም። ለዓመታት ዘይት ሲፈስበት የኖረ አፈር ነው የሚያስፈልግሽ። እዚያ ውስጥ ተርፈው የምታገኚያቸው ዘይት መብላት የቻሉትን ነው።»

ቧንቧውን ሳልዘጋው ኖሮ ውሃው ይፈሳል። በመጨረሻ በቀስታ፣ «አንቺ ማን ነሽ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ዲግሪውንም፣ ደላላውንም፣ ቅጹንም። ኩዌት ከገባሁ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ስጨርስ፣ የተሸከምኩትን እንስራ ያወረድኩ ያህል ወገቤ ቀለለኝ።

ዘይት የጠጣ አፈር ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም። ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ፣ ከአጥሩ ግንብ ሥር፣ ሹፌሩ የመኪኖቹን ዘይት ራሱ የሚቀይርበት ቦታ አለ። ሹፌሩ ህንዳዊ ነው፤ ጸጉሩ የሸበተ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ብዙ ዓመት እዚያ ቤት የኖረ ሰው። የተቃጠለውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅሞ መውሰድ ሲገባው ብዙውን እዚያው አሸዋ ላይ ይደፋዋል። አሸዋው ከሰል መስሏል፤ ስረግጠው ጫማዬ ላይ እየተጣበቀ ደረጃውን ስለሚያቆሽሽብኝ ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ። ያን ዕለት ግን ተንበርክኬ፣ የአትክልቱ ውሃ ከሚደርስበት ጥግ፣ ትንሽ እርጥበት ካለበት በኩል በማንኪያ ቆፈርኩት። ሹፌሩ አይቶኝ ምን እንደማደርግበት ሲጠይቀኝ ልጅቷ ቀደመችኝ።

«ለትምህርቴ ነው። ለማማ እንዳትነግራት።»

ምስጢሩ በሁለት ምክንያት ነበር። ማዳም ባሏ ከሞተ ወዲህ በሽታ አምጪ የሚባል ነገር በቤቷ ስሙ እንዲነሳ አትወድም፤ የበር እጀታ ሳይቀር በረኪና ታሳጥበኛለች። ዩኒቨርሲቲውም እንዲህ ያለ ሥራ ቤት ውስጥ እንዲሠራ አይፈቅድም። ልጅቷ ግን ላቦራቶሪው ውስጥ ሁለት ጊዜ ስላልተሳካላት ሦስተኛውን ፈርታ ነበር። «መጀመሪያ እዚህ ይብቀልልኝ፣ ከዚያ ወደዚያ እወስደዋለሁ» አለችኝ።

ስድስት የማርማላታ ጠርሙስ አጠብኩ። በየጠርሙሱ ውሃ፣ ቁንጥር የአትክልት ማዳበሪያ፣ ጥቂት የተቃጠለ ዘይትና አንድ ማንኪያ ከዚያ ጥቁር አፈር አደረግን። ከዚያ ሦስቱን ጠርሙሶች ለይተን፣ ማዳም ሥጋ በምታስቀቅልበት ክዳኑ ጥብቅ በሆነው ድስት ውስጥ በእንፋሎት ብዙ ሰዓት አፈላናቸው፤ ውስጣቸው ያለው ሕይወት ሁሉ እንዲሞት። ማወዳደሪያ ከሌለ ዘይቱን ባክቴሪያ ይብላው፣ በራሱ ጊዜ ይጥፋ ማወቅ አይቻልም። አፋቸውን በጥጥ ወተፍኩ። አየር እንዲገባ፣ አቧራ እንዳይገባ። ጥጡ እንዳይወልቅ ደግሞ በክር ጠምጥሜ ቋጠርኩት። በሦስቱ ላይ «ሕያው»፣ በተቀቀሉት ሦስት ላይ «ሙት» ብዬ ጻፍኩ። በአማርኛ እንድጽፍ ያለችኝ እሷ ናት፤ በዐረብኛ ከሆነ ወንድሞቿ አንብበው እንዳያወሩባት።

ጠርሙሶቹ የተቀመጡት እኔ ክፍል ነው። ጣሪያው ስለሚሞቅ ይስማማቸዋል። ላቦራቶሪ ውስጥ ቢሆን ቀን ከሌት የሚነቀንቃቸው ማሽን አለ፤ አየር ካላገኙ ይታፈናሉ። እኛ ያለን የእኔ ክንድ ብቻ ነው። እንዳልረሳ ከሰላት ጋር አያያዝኩት። ሱብሂ፣ ዙሁር፣ አሱር፣ መግሪብ፣ ዒሻ፤ ሰግጄ ስጨርስ መስገጃዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ስድስቱንም በየተራ እያነሳሁ፣ ስንት ጊዜ እንደነቀነቅኩ እየቆጠርኩ እነቀንቃለሁ። ያየሁትን በደብተር እጽፋለሁ፤ እሷ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ገጹን በስልኳ ፎቶ ታነሳዋለች።

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም ነገር የለውም። ልጅቷ ተስፋ ቆረጠች። እኔም እሷን እያበረታታሁ ለብቻዬ ስሆን እጨነቅ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት «ሕያው» ያልኩት አንደኛው ጠርሙስ ውሃ ሩዝ የታጠበበት ውሃ መስሎ ደፍርሶ አገኘሁት። በማግስቱ ሁለቱ ተከተሉት። ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ክዳን ሆኖ ተንሳፍፎ የነበረው ዘይት መሰንጠቅ፣ ከዚያ መበታተን፣ ከዚያ የአሸዋ ቅንጣት የሚያካክሉ እንክብሎች መሆን ጀመረ። «ሙት» ያልኳቸው ግን ዘይታቸው እንዳለ ከላይ ተኝቷል፣ ከሥሩ ውሃው ጥርት ብሏል። ልጅቷ አይታ ጮኸች። ጣሪያው ላይ፣ በተሰጣው አንሶላ መሃል አቅፋ አሽከረከረችኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ቤት ሌላ ቤት ሆነልኝ። ጣሪያው ላይ ወጥታ የማታውቅ ልጅ ከሰዓት በኋላ ጫማዋን አውልቃ አልጋዬ ላይ ትቀመጣለች። የሠራሁትን ሽሮ በእንጀራ ፈንታ በዐረብ ዳቦ እየጠቀሰች ትበላለች። «ኡስታዛ» ትለኛለች፤ መምህሬ ማለቷ ነው። ከየጠርሙሱ ጥቂት ጥቂት ወደ ላቦራቶሪ እየወሰደች የቀረውን ዘይት መዘነችው፤ «ሕያው» ባልኳቸው ውስጥ በግልጽ ቀንሷል። አንድ ቀን ከማይክሮስኮፕ ያነሳችውን ፎቶ አመጣችልኝ። በአንዲት የዘይት ጠብታ ዙሪያ በትር በትር የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች ተለጥፈዋል። ስልኳን ተቀብዬ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ከትምህርት ቤት ወዲህ እንዲያ ያለ ነገር አላየሁም ነበር።

«ስምሽን እጽፋለሁ» አለችኝ። «ወላሂ፣ ከስሜ ጎን ነው የምጽፈው። መምህሬ ጋርም እወስድሻለሁ። ላቦራቶሪዋ ውስጥ ረዳት ትፈልጋለች።»

አመንኳት። ለእናቴ ደውዬ፣ «የተማርኩት ሊጠቅመኝ ነው» አልኳት። ሳልጠየቅ።

ሦስተኛው ሳምንት ሊያልቅ ሲል ማዳም ጣሪያ ወጣች። ጉልበቷን ስለሚያማት ወጥታ አታውቅም ማለት ይቻላል፤ ያን ዕለት የውሃ ታንከሩ ያፈሳል ስለተባለ ልታይ ነው። ከአሱር ሰላት በኋላ ነበር። ከሙቀቱ የተነሳ በሬን ከፍቼዋለሁ። የመስገጃ ልብሴን አላወለቅኩም። ጥቁር ነገር ያለበትን ጠርሙስ በሁለት እጄ ይዤ እየነቀነቅኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እቆጥራለሁ። ቀና ስል በሩ ላይ ቆማ አየኋት።

አሁን ሳስበው በሷ ዓይን አየዋለሁ። ሠራተኛዋ ከሰላት በኋላ እያነበነበች ጠርሙስ ትነቀንቃለች። በጠርሙሱ ውስጥ አፈርና ጥቁር ፈሳሽ አለ። አፉ ላይ በክር የተቋጠረ ጥጥ አለ። እኛ ቁርኣን ቀርተን ያደግን ሰዎች ቋጠሮ ሲባል ምን ዓይነት ድግምት እንደምንፈራ እናውቃለን።

«ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ማዳም፣ የትምህርት...» ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ። ለልጅቷ ቃል ሰጥቻለሁ። ራሷ ትናገር፣ የሷ ምስጢር ነው ብዬ ቃሌን ዋጥኩት። ያቺ ማቆሜ ጥፋተኛ አስመሰለችኝ።

ማዳም ስልኳን አውጥታ ጠርሙሱ ላይ ባለው ጽሑፍ ላይ አነጣጠረች። ጽሑፍ የሚተረጉም ነገር ስልኳ ላይ እንዳለ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ጠርሙስ አነበበች። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ከዚያ ወደ አራተኛው አለፈች።

«ሙት» አለች በዐረብኛ። «ሙት። ሙት።» ግድግዳውን ተደገፈች። «ሦስት ናቸው። እኔ ሦስት ልጅ ነው ያለኝ።»

ያኔ ቃል የሚባለውን ነገር ተውኩት። «ማዳም፣ ወላሂ እንደሱ አይደለም! የልጅሽ ጥናት ነው። ባክቴሪያ ነው፤ ዘይት የሚበላ ባክቴሪያ። ጥሪያት፣ ጠይቂያት!»

ጠራቻት። ልጅቷ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ጠርሙሶቹን አየች።

«ይህን ነገር ታውቂዋለሽ?» አለቻት እናቷ።

«ንገሪያት» አልኳት። «ያንቺ እንደሆነ ንገሪያት።»

የሆነ ነገር ስታሰላ ይታየኝ ነበር። ለመምህሯ ሁሉንም ላቦራቶሪ ውስጥ እንደሠራችው ነግራታለች። ሥጋ የሚቀቀልበት ድስት አለ። ለእናቷ የደበቀችው ሦስት ሳምንት ሙሉ አለ። በሌላ በኩል ያለሁት እኔ ነኝ።

«ማ አድሪ» አለች። አላውቅም ማለት ነው። ቀጥላም እኔን ሳታይ፣ «አይቼው አላውቅም ማማ» አለች።

«እኔ በባዮሎጂ የተመረቅኩ ነኝ!» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

«ወረቀትሽ ስምንተኛ ክፍል ነው የሚለው» አለች ማዳም።

እውነቱን የምታውቀው እዚያ ቤት ውስጥ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ወለሉን እያየች ነበር።

የማዳም ወንድም ተጠርቶ መጣ። ቁርኣን እየቀራ ጠርሙሶቹን በጨው ውሃ አጠባቸው፣ ክሩን በመቀስ ቆራረጠው። ደብተሬን ገልጦ የማያውቀውን ፊደል ሲያይ ሐውሹ መሃል፣ ማለትም ግቢው ውስጥ፣ በእሳት አቃጠለው። እኔ ከኩሽናው በር አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ማዳም ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ታፋዋ ላይ አቅፋ ታለቅሳለች። ልቆጣት ፈልጌ አልቻልኩም። ባሏ ጤነኛ ሆኖ ውሎ የሞተባት ሴት ናት፤ የፈራችው ከልቧ ነው። የኔ ቅሬታ በሷ ላይ አልነበረም። ልጅቷ ክፍሏን ዘግታ ስለነበር እንኳን ልትናገር ልትሰናበተኝም አልወጣችም።

ወደ መክተብ፣ ሐዋሊ ወዳለው የሠራተኛ አስቀጣሪ ቢሮ፣ የወሰደኝ ሹፌሩ ነው። ሐዋሊ ስንገባ፣ አውቶቡስ ከፊታችን ቆሞ መንገዱ ሲዘጋ፣ በመስታወቱ አየኝ።

«አፈሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ እህቴ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ከየት መጣ ከተባለ ዘይቱን ማን ደፋው ይባላል።»

ሻንጣዬን አውርዶልኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀኝ። እሱ ቢያንስ አይኔን አይቶ ነው።

መክተቡ ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተሰጠኝ። የቢሮው ጸሐፊ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ከኛ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ዐረብኛዋ እንደ አገሬው ነው። በር ዘግታ አስቀመጠችኝ።

«ስሕር፣ ድግምት፣ ሠርታለች ነው የሚሉት። እንዴት ነው ነገሩ?»

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ስጨርስ ግንባሯን አሸች።

«እኔ አምኜሻለሁ። ግን ለሚመጣው ቀጣሪ ይህን ታሪክ እንዳትደግሚው። በአይን የማይታይ ነገር በጠርሙስ አስቀምጬ ዘይት አበላሁት ብትያቸው፣ እህቴ፣ ያው ስሕር ነው የሚመስላቸው።»

ሳቅኩ። ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ።

በሦስተኛው ቀን ከልጅቷ የድምፅ መልእክት መጣልኝ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ መኪና ውስጥ ሆና የምታወራ ይመስላል። እናቷ ፖሊስ ጋር ልትሄድ ስትል ለምና ያስቀረቻት እሷ እንደሆነች፣ ለኔ ስትል ብዙ እንደተጨነቀች ነገረችኝ። ቀጠለችና ወደ ጉዳይዋ መጣች። ደብተሩ ተቃጥሏል። ፎቶዎቹ ግን ስልኳ ላይ አሉ። ሁሉም በአማርኛ ስለሆነ ማንበብ አልቻለችም። ጥናቷን የምታቀርብበት ቀን ደርሷል። ልተርጉምላት?

መልሼ ደወልኩላት። አነሳችው።

«ለእናትሽ እውነቱን ንገሪያት» አልኳት። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እነግራታለሁ። ካቀረብኩ በኋላ። አሁን ከነገርኳት መምህሬ ትሰማለች፣ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ወላሂ ኡስታዛ፣ ካቀረብኩ በኋላ በዚያው ቀን።»

ኡስታዛ አለችኝ። ቃሉን ከአፏ ስሰማ ልቤ እንዴት እንደራራ ለመናገር አፍራለሁ። መክተቡ ውስጥ፣ ከላይኛው አልጋ ላይ እግሬን አጣጥፌ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የደብተሬን ፎቶ እያየሁ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት። የጎደለውን እንኳ አሟላሁ፤ ለምን ሦስት ሦስት ጠርሙስ እንደሆነ፣ ቢጠይቋት ምን ብላ እንደምትመልስ። ላክሁላት። የልብ ምልክት መለሰችልኝ። ጥናቷን ያቀረበችበት ቀን አልፎ ስደውልላት አላነሳ አለች። በማግስቱ መልእክቴ የማይደርስ ሆነ። ዘግታብኛለች።

ጣሪያው ላይ «አላውቅም» ስትል ፈርታ ነው ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጥቼላት ነበር። ለዚህኛው ግን ምክንያት አጣሁ። ፈርታ አልነበረም። ሐሳቧን ጨርሳ፣ የምትፈልገውን ወስዳ ነው።

ከዚያ ሌላ ቤት ገባሁ፤ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን የሚኖሩበት ቤት ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ ጸሐፊዋ እየተረጎመች፣ ወረቀቴ ላይ ያለው ስምንተኛ ክፍል ውሸት እንደሆነና ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ መሆኔን ነገርኳቸው። ይመልሱኝ እንደሆነ ይመልሱኝ ብዬ ነው። አሮጊቷ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝና፣ «እንግዲያው የመድኃኒቴን ወረቀት የምታነቢልኝ አንቺ ነሽ» አሉ። በዚያው አለቀ።

የጥናቷን ፖስተር ያየሁት በስልክ ነው። ዩኒቨርሲቲው የተመራቂዎችን ሥራ ሲያሳይ ያነሳቸው ፎቶዎች ነበሩ። ልጅቷ አበባ ይዛ ከፖስተሯ አጠገብ ቆማ ትስቃለች። ፎቶውን በጣቴ እያሰፋሁ አነበብኩት። አፈሩ ከኢንዱስትሪ አካባቢ የተወሰደ ነው ይላል። ጠርሙሶቹ በማሽን ሲነቀነቁ ቆዩ ይላል። ከታች ለመምህሯ፣ ለእናቷና ለጓደኞቿ ምስጋና አለ። ግርጌ ላይ ያሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች፣ አፈሩ ውስጥ የተረፉት ለምን ዘይት መብላት የቻሉት እንደሆኑ የሚያስረዱት፣ ቃል በቃል እኔ መክተብ ውስጥ የጻፍኳቸው ናቸው። አንዲት የፊደል ስህተቴ እንኳ አልታረመችም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ሐጅ ሲቃረብ፣ የመክተቡ ጸሐፊ ደወለችልኝ። «ያቺ የባያኗ ልጅ እየፈለገችሽ ነው። ስልክሽን ልስጣት?» አለችኝ። ስጪያት አልኩ። ዓርብ ዕረፍቴ ስለሆነ ሐዋሊ፣ ሻይና ሳምቡሳ የሚሸጥባት አንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ ተገናኘን። ጥቁር ዐባያ ለብሳ፣ ሳትኳኳል ነው የመጣችው። ከሳ ብላለች። ሽቶ የያዘ የስጦታ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ከእናቴ ጋር ለሐጅ ልንሄድ ነው» አለች። «የበደልኩትን ሰው ይቅርታ ሳልጠይቅ መሄድ አልፈለግኩም። ይቅር በይኝ። ሐቅሽን ተይልኝ።»

ሐቅ ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የሰውን ሐቅ፣ በሰው ላይ የሠሩትን በደል፣ ባለቤቱ ካልተወው ሐጅ አያጥበውም።

«ለእናትሽ ነገርሻት?» አልኳት።

የከረጢቱን ማንጠልጠያ በጣቷ ጠመዘዘች።

«እስካሁን አልነገርሻትም?»

«አትረጂም። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ወንድሞቼን ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ራሳቸውን ባመማቸው ቁጥር ካንቺ ነው ትላለች። አሁን ብነግራት ዕድሜዋን ሙሉ አታምነኝም።»

«እኔንስ?» አልኳት። «እኔን ዕድሜዋን ሙሉ ምን ብላ ታስበኝ?»

አለቀሰች። መጀመሪያ ኩሽና ውስጥ ስታለቅስ ውሃ ሰጥቻት ነበር፤ አሁን ግን እጄን አልዘረጋሁላትም።

«ስልክሽ እጅሽ ላይ ነው» አልኳት። «አሁን ደውይላት። እኔ እዚህ ተቀምጬ ልስማ። ባክቴሪያ ነበር፣ የኔ ነበር በያት። እሷ ጮኻ ሳትጨርስ ሐቄን ትቼልሻለሁ። ወላሂ ሽቶም አያስፈልገኝም።»

ስልኳን አየችው። የእናቷን ስም አውጥታ አውራ ጣቷን ከላዩ አንዣበበች። ሻያችን ቀዘቀዘ። ከጎናችን የነበሩት ሁለት የሀበሻ ልጆች ከፍለው ወጡ። አውራ ጣቷ አልወረደም። በመጨረሻ ስልኩን በእጅ ቦርሳዋ ከተተችው።

«አልችልም» አለች።

«እኔም አልችልም» አልኳት።

ከረጢቱን ትታው ልትሄድ ስትል ጠርቼ አስያዝኳት። በመስኮቱ መኪናዋ ውስጥ ስትገባ፣ መስታወት ላይ ዓይኗን ስታብስ፣ መንገድ ለቀውላት ስትወጣ አየኋት። ከዚያ ለአሮጊቷ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ለመውሰድ ወደ ፋርማሲ ሄድኩ።

ያን ዓመት ሐጅ አድርገው ተመለሱ። ጸሐፊዋ ናት የነገረችኝ። ማዳም አሁንም ባያን ውስጥ፣ በዚያው ቤት ትኖራለች። ሦስት ልጆቿን ልገድልባት እንደነበር እስከ ዛሬ ታምናለች።